ጥላው የተነሣበት ዳገት

ጅረን ከላይ ነው፤ ሄርማታ ከታች። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት አገሩን ቁልቁል ከሚያሳየው የጅረን ጉብታ ላይ ነው፤ ገበያው የሚቆመው ግን ታች ሜዳው ላይ፣ ሄርማታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጎማና ከጌራ የሚመጣው ነጋዴ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ በዚያ ክፉ ዘመን የሰው ልጅን ሳይቀር ይዞ እዚያ ይገናኝ ነበር። ዛሬ ጅማ የምንላት ከተማ የበቀለችው በዚህ ገበያ ዙሪያ ነው። የጥንቱ ስምም አልጠፋም፤ ሄርማታ፣ ሄርማታ መርካቶ፣ ሄርማታ መንቲና እየተባለ በቀበሌዎች መጠሪያነት እስካሁን ይኖራል።

ውሃም እንደ ነጋዴው ወደ ሄርማታ ነው የሚወርደው።

አዌቱ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል። በበጋ ድምፁ የማይሰማ፣ አላፊ አግዳሚው ልብ የማይለው ወንዝ ነው። ክረምት ላይ ግን ከሰዓት በኋላ የዳገቱ ሰማይ ሲጠቁር፣ ታች መርካቶ ገና ጠብ ሳይል አዌቱ ቀድሞ ይደፈርሳል። መጀመሪያ ገለባና ፌስታል ይመጣል፤ ቀጥሎ ውሃው ይቀላል፤ ከዚያ ከቦዩ ሞልቶ ዝቅ ወዳሉት መንደሮች ያዘነብላል። አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ጎርፍ «ደራሽ» የሚል ስም ሰጥቶታል። ደራሽ የሚባለው ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የመጣ ነውና ቃሉ ልክ ነው። ዝናቡ የዘነበው ሌላ ቦታ ነው፤ ቀዩ ቀለምም የማን ማሳ ተጠርጎ እንደመጣ ይናገራል። በጅማ ዙሪያ ያለው ዳገት ጥልቅና ቀይ ሸክላማ አፈር የለበሰ ነው፤ የአፈር ባለሙያዎች ኒቲሶል ይሉታል። ቡናን ያሳደገው ይኸው አፈር ነው። አዌቱ ሲቀላ የሚሄደው የቡናው ጉልበት ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ማስላት ያስፈልጋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሄክታር መሬት ላይ ሲወርድ 10,000 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል በዚያች አንድ ሄክታር ላይ ብቻ 400,000 ሊትር፣ በሃያ ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር 20,000 ጀሪካን ይሞላል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ይህን ያህል ውሃ በየዓመቱ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ደኑም፣ ቡናውም፣ ማሩም ከዚያ የተገኙ ናቸው። ቁም ነገሩ ውሃው ከዳገቱ ለመውረድ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል የሚለው ነው። ያው ውሃ በሁለት ወር ሲወርድ ምንጭ ይባላል፤ በሁለት ሰዓት ሲወርድ ጎርፍ።

ጊዜውን የሚያረዝመው ደግሞ ጥላው ነው። አጋሮ አካባቢ ወይም ጌራ ውስጥ አንድ የደን ቡና ማሳ ውስጥ ገብቶ ዝናብ ሲዘንብ መቆም ነገሩን ከመጽሐፍ በላይ ያስረዳል። ከላይ ቀረሮና ዋንዛ ይቆማሉ፤ መሐል ላይ ሳሳ አናቱን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ይዟል፤ ከሥሩ ቡናው አለ፤ ከቡናው ሥር ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ሥር የረገፈ ቅጠል። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ብዙ ደቂቃ መሬቱ ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ድምፁ ከላይ ይሰማል እንጂ ጠብታው አልደረሰም። ሲደርስም ቅጠል ከቅጠል እየተቀባበለው ጉልበቱን ጨርሶ ነው። የመጨረሻው ጠብታ የሚያርፈው የበሰበሰ ቅጠል ፍራሽ ላይ ነው። ፍራሹን በእጅ ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ጥቁር፣ ልል፣ የትል መተላለፊያ የሞላበት አፈር አለ። ውሃው እዚያ ውስጥ ይሰርጋል፤ በጥርና በየካቲት ከተራራው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

እዚሁ ማሳ አጠገብ ለበቆሎ የታረሰ ዳገት ቢኖር ታሪኩ ሌላ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ መሬቱ ራቁቱን ነው፤ በቆሎው ገና አልሸፈነውም። ጠብታው ከደመናው እንደተወረወረ ጓሉን ይመታዋል፤ ጓሉ ይፈረካከሳል፤ ደቃቁ ሸክላ ደግሞ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ፣ ልክ ሴቶች ግድግዳ ሲለስኑ እንደሚያደርጉት፣ ይደፍናቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውሃ ሁሉ መግቢያ ያጣል። መጀመሪያ ጣት የምታህል መስመር ያበጃል፤ በሁለተኛው ዓመት ክንድ ታክላለች፤ ዝም ከተባለች ከብት የሚገባባት ቦረቦር ትሆናለች።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ረጅም ዛፍ ብቻውን መሬት አያድንም። ከረጅም ዛፍ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ የሚወድቅ ጠብታ ከዝናቡ ጠብታ ይልቅ ትልቅ ነው፤ ቁመቱም ፍጥነቱን መልሶ እንዲያገኝ ይረዳዋል። ከሥሩ ቁጥቋጦና የረገፈ ቅጠል ከሌለ ዛፉ መኖሩ ብዙም አይፈይድም። የቡና ዋጋ ሲጨምር በደን ውስጥ ያለው ምንጣሮ ይበረታል፤ ትናንሽ ዛፎች ይቆረጣሉ፣ መሬቱ ይጠረጋል፣ ነገ ትልልቆቹን የሚተካ ችግኝ አይተርፍም። ከሩቅ ለሚያይ፣ ከላይ በሳተላይት ለሚመለከትም ጭምር፣ ደኑ እንዳለ ነው። ከውስጥ ግን ልጅ የሌለው ቤት ሆኗል።

ጅማ ዙሪያው ሁልጊዜ ድንግል ደን ነበር ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። አምስቱ የጊቤ መንግሥታት፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ፣ ሰው የሚበዛባቸው፣ አራሽና ነጋዴ የሞላባቸው አገሮች ነበሩ። ሆኖም ለደኑ የሚተርፍ ልማድ ነበራቸው። በየድንበራቸው ሞጋ የሚባል፣ የማይታረስና ሰው የማይሰፍርበት ሰፊ መሬት ይተዉ ነበር፤ መግቢያና መውጫው በኬላ ብቻ ነው። ዓላማው ጠላትን መከላከል እንጂ ደን ማዳን አልነበረም። ያም ሆኖ ሰይፍ የከለለው መሬት ለዛፍና ለአውሬ መሸሸጊያ ሆነ። መንግሥታቱ ሲከስሙ ሞጋውም ትርጉም አጣ፤ ማረሻ ገባበት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው። በሳተላይት ምስል የተሠሩ ንጽጽሮች እንደሚያሳዩት፣ በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ ምዕራቡ ደጋማ ምድር 40 በመቶ ገደማ ጥቅጥቅ ደን ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ 18 በመቶ ወርዷል። በዚህ መሐል ብዙ ነገር ሆኗል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ በደኑ ላይ የነበረው የባለቤትነት ስሜት ግን ተናጋ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሲያጓጉዝ፣ ከመድረሻዎቹ አንዱ ይኸው ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ምድር ነበር። በጥፋቱ ሰፋሪውን መውቀስ ግፍ ነው፤ ከሞት አፍ ወጥቶ የመጣ ሰው የተሰጠውን መሬት ማረሱ ምን ያስወቅሰዋል? ጥፋቱ ዳገቱን ሳያዩ በካርታ ላይ መስመር ያሰመሩት ሰዎች ነው።

ከዚያ ገበያው መጣ። በእ.ኤ.አ. 2001 የዓለም የቡና ዋጋ ወርዶ ወርዶ ፓውንዱ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሆነ። በጅማ ዙሪያ ጫት የተስፋፋው በአንድ ምክንያት ባይሆንም፣ ያ ዘመን ለገበሬው ትልቅ ትምህርት ነበር፦ ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፣ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ቡና በሽታ አለበት፣ ጫት ጥሬ ገንዘብ ነው። ችግሩ ጫት የሚተከለው ገላጣ ቦታ መሆኑ ነው። ቡናን በጫት የቀየረ ገበሬ ዋንዛውንና ሳሳውንም አብሮ ይጥላል። የዳገቱ ጥላ የሚነሣው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ማሳ፣ አንድ የከፋ ዓመት።

ውሃው ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ ሲደርስ ደግሞ ሁለተኛ መያዣ ነበረው፤ ጨፌው።

ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ሣር ከየት እንደሚመጣ የከተማ ሰው ብዙም አይጠይቅም። ጅማ ውስጥ መልሱ ቅርብ ነው፦ ቦዬ፣ ኪቶ፣ ኮፌ። ከከተማዋ ዳርና ዳር የተዘረጉት እነዚህ ረግረጎች ጨፌ ይባላሉ፤ የኦሮሞ አባቶች ተሰብስበው የሚመክሩት እንዲህ ባለው ለምለም መስክ ላይ ስለነበር ዛሬም የኦሮሚያ ምክር ቤት ስሙ ጨፌ ነው። ቦዬ ጉማሬ የሚኖርበት፣ ወፍ ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች የሚያውቁት ቦታ ነው። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ግን ማንም የማያየው ነው። አዌቱና ሌሎቹ ጅረቶች ከከተማው ይዘውት የሚወርዱትን ውሃ ተቀብሎ ይዘረጋዋል፤ ያዘገየዋል፤ ደለሉን በሣሩ መካከል ያስቀረዋል፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ ለግልገል ጊቤ ወንዝ ያስረክባል።

ጨፌ ግን ባለቤት የሌለው ስለሚመስል ሁሉም ይቆርሰዋል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 120,960 ሰው የተቆጠረባት ጅማ ከዚያ ወዲህ ብዙ አድጋለች፤ ያደገ ከተማ ጡብ ይፈልጋል፤ ለጡብ የሚሆነው ሸክላ ያለው ረግረጉ ውስጥ ነው። ጡብ ሠሪው ይቆፍራል፤ ጡቡን ለመተኮስ እንጨት ያነዳል፤ ለእንጨቱ ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ባሕር ዛፉ ረግረጉን ያደርቃል። በሌላ በኩል ቦይ ተቀዶ በቆሎ ይዘራል፣ ከብት ይሰማራል፣ ቆሻሻ ይደፋል። አንዳቸውም ክፉ አስበው አይደለም፤ ሁሉም እንጀራ ፍለጋ ነው። ድምሩ ግን ክረምት ሲገባ ይታያል። መዘርጊያ ያጣ ውሃ ወደ ኋላ ገፍቶ ሰው ቤት ይገባል።

ረግረግን አርሶም ሳያጠፉ መኖር እንደሚቻል ጎረቤቱ ኢሉባቦር ምስክር ነው። እዚያ «አባ ላጋ» የሚባል ሰው አለ፤ ላጋ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። አባ ላጋ ረግረጉን የሚያርሱትን ገበሬዎች ያስተባብራል። ቦዩ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚደፈን፣ ማን የድርሻውን እንዳልጠረገ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ የሚወሰነው በእሱ ሰብሳቢነት ነው። የበቆሎው ወቅት ሲያልፍ ቦዩ ይደፈናል፤ ረግረጉ እንደገና ውሃ ይጠጣል፤ ጨፌው መልሶ ይበቅላል። መሐንዲስ ያልነደፈው፣ መሐንዲስ ግን ሊያከብረው የሚገባ ሥርዓት ነው።

የተራራው ጉዳት በአፈር መጠረግ ብቻ አያበቃም። አንዳንዴ ዳገቱ ራሱ ይነሣል። በግልገል ጊቤ ተፋሰስ የጅማ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች አብረው ሲሠሩ ብዙ የመሬት መንሸራተት ቦታዎችን መዝግበዋል። አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ከላይ ዛፉ ይቆረጣል፤ አፈሩን ጠፍሮ የያዘው ሥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። ከታች ደግሞ የተቆጣው ወንዝ የዳገቱን እግር ይበላል። መሐል ላይ ያለው ከባድ ሸክላ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ አንድ ሌሊት ይሾልካል። የተንሸራተተው አፈር ወንዝ ዳር ስለሚወድቅ ቀጥታ ደለል ይሆናል።

ይህ ምን ያህል መራራ ሊሆን እንደሚችል አገሪቱ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. አይታለች። ከኦሞ ወንዝ ማዶ፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ በምትገኘው ቀንጮ ሻቻ ዝናብ ያራሰው ዳገት ተንዶ መኖሪያ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያልያዘው በእጁ እየጫረ ሊያወጣቸው ሲሮጥ ዳገቱ ሁለተኛ ተናደ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡት ነበሩ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ለቅሶ ደርሶ ቀባሪ መሆን የአገሩ ወግ ነው፤ እዚያ ግን ደራሹም አብሮ ተቀበረ። የጅማ ዳገቶች እዚህ አልደረሱም። ዝናቡ፣ ሸክላው፣ ቁልቁለቱና ከጫፉ ላይ የተሠራው ቤት ግን ባዕድ አይደሉም።

ከሄርማታ ያለፈው ውሃ ወዴት ይሄዳል? አዌቱ በቦዬ በኩል ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። ግልገል ጊቤ ከጅማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው ግድብ ላይ ይጠራቀማል። ተርባይኑን አዙሮ ሲወጣ ተራራ ውስጥ ለውስጥ በተቦረቦረ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ይገባና የሁለተኛውን ጣቢያ ተርባይን ያዞራል፤ ይህኛው 420 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ ወደ ዋናው ጊቤ፣ ማለትም ወደ ኦሞ፣ ይወርድና 243 ሜትር ከፍታ ያለውን ሦስተኛውን ግድብ ያገኛል። ከጅረን ግርጌ የተነሣች አንዲት ጠብታ ሦስት ጊዜ መብራት ታበራለች ማለት ነው። ደለሉ ግን መብራት አያበራም። የመጀመሪያው ግድብ ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚገባው ደለል ዕድሜውን በእጅጉ ሊያሳጥረው እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫነውን ሰው ከግድቡ ተፋሰስ ውስጥ ካለ አንድ የኦሞ ናዳ ወረዳ ገበሬ እርከን ጋር የሚያገናኘው ገመድ አለ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ኦሞ ወደ ባሕር መውጫ የለውም፤ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከሐይቁ ደጃፍ የሚኖሩት ዳሰነቾች በሌሊት በውሃ ተከበቡ፤ 364 ሰው መሞቱ ተነገረ፤ ከብቱ የትየለሌ ነው። ዝናቡ የዘነበው እነሱ ላይ አልነበረም፤ ላይኛው ደጋ ላይ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት ድሬዳዋም እንዲሁ ሆና ነበር፤ የሐረርጌ ተራሮች ዝናብ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከ250 በላይ ሰው በእንቅልፉ ወሰደ። ሁለቱ አደጋዎች የደረሱት ቆላ ላይ ነው፤ የተነሡት ከደጋ። ለደጋው ሰው ይህን ማወቅ ከባድ ኃላፊነት ነው፤ ሲያርስ የሚያየው የራሱን ማሳ እንጂ ሁለት መቶ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የተኛን ሕፃን አይደለም።

ቡናው ራሱ ወንዙን የሚጎዳበት መንገድም አለ፤ ባጭሩ ይነገር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና በማጠቢያ ጣቢያዎች ሲፈለፈል ልጣጩና አተላው በስኳር የተሞላ ነው። ያለ ማጣሪያ ጉድጓድ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያሟጥጣል፤ የወንዝ ነፍሳት ያልቃሉ፤ ሽታው መንደር ያስለቅቃል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ በሚቀንስበት ወቅት ነው። የውጭ ገዢ የታጠበ ቡና ብሎ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍልበት ጥራት፣ ከጣቢያው በታች ውሃ ለምትቀዳ እናት ሌላ ገጽ አለው።

ወደ ዳገቱና ወደ ጎርፉ እንመለስ፤ መድኃኒቱስ? አንዱ ከጅማ ብዙ ሳይርቅ፣ መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ የሚታወቀው ቡናን ከበሽታ ያዳኑትን ዝርያዎች በማውጣቱ ነው። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ሌላም እንግዳ አስገብቷል፤ ቬቲቨር የሚባለውን ሣር። ቬቲቨር ከላይ ሲያዩት ተራ ሣር ነው። ሥሩ ግን ወደ ጎን ሳይንዘላዘል ሦስት ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቡናውን አይሻማም። በዳገቱ ወገብ ላይ በመስመር ሲተከል ውሃውን ያበጥረዋል፣ አፈሩን ያስቀረዋል፤ ከዓመት ዓመት ከኋላው አፈር እየተከመረ እርከን ራሱን ይሠራል። ድንጋይ በማይገኝበት የጅማ ቀይ ምድር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሰዎች ለሰዎች የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በኢሉባቦር ለብዙ ገበሬ አድርሶታል። ቤቱን በሣሩ የሚከድን፣ ጨፌ ሲጠፋ ለጉዝጓዝ የሚያጭደው ቤተሰብም አለ።

ሌላው በለጤ ጌራ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚጀምረው ይህ ደን በ1996 ዓ.ም. ገደማ በጃፓን የልማት ድርጅት ጃይካ ድጋፍ አዲስ ውል አገኘ። ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ይጠብቃሉ፤ በምላሹ ከውስጡ ቡና የመልቀምና ማር የመቁረጥ መብታቸው ይከበራል፤ ቡናው ደግሞ በጥላ ሥር የበቀለ መሆኑ ተመስክሮለት በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። በእ.ኤ.አ. 2013 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ምስክር ወረቀት ያገኘው ደን ካላገኘው ያነሰ እንደተመነጠረ አሳይቷል። ገበሬው ዛፍ የሚቆርጠው ዛፍ ስለሚጠላ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። የሚያዋጣው ሲሆን ራሱ ዘበኛ ይሆናል።

የችግኝ ተከላው ዘመቻም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል፤ ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ሕዝቡ እየወጣ ይተክላል። ሕዝብን በአንድ ሐሳብ ማስወጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሊከበር ይገባዋል። ሐምሌ ላይ ግን መሬቱ ሁሉ እርጥብ ነው፤ የተተከለ ሁሉ ለምለም ይመስላል። በጅረን ዳገትም ሆነ በማና፣ በቀርሳም ሆነ በጎማ፣ የችግኙ ፈተና የሚመጣው ኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። ያኔ ዝናቡ ቆሟል፤ አዝመራው ተሰብስቧል፤ ከብቱ ያለ እረኛ ይለቀቃል። ጉድጓዱን ቆፍሮ ፎቶ የተነሣው ሰው በዚያ ሰዓት የለም። አንድ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ፣ በእሾህ የሚያጥር፣ የጎረቤቱን ጥጃ አባርሮ የሚመለስ አንድ ሰው ያስፈልጋል።